ከሎንዶን እስከ ሲድኒ፤ የአየር መንገድ ርቀትና ጊዜ



«ከዚህ እስከዚያ ምን ያህል ይርቃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ከጥንት ጀምሮ የሚሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በልክ የሚሰጥ ነው፤ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሆናል ይባላል። ሁለተኛው በጊዜ የሚሰጥ ነው፤ የሦስት ቀን መንገድ ነው፥ የአንድ ወር መንገድ ነው ይባላል። አባቶቻችን ይበልጥ ይጠቀሙበት የነበረው ሁለተኛውን ነው። የሲራራ ነጋዴ በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ሲነሣ የመንገዱን ርዝመት የሚያሰላው የት የት እንደሚሰፍር፥ በስንት አዳርም ከገበያው እንደሚደርስ በመቍጠር ነበር። እንግዲህ ለነጋዴው ርቀት ማለት የሚረገጠው መንገድ ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩና የኬላው ቍጥር ጭምር ነበር።

ዛሬ የአይሮፕላን ቲኬት በእጁ የያዘ መንገደኛም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ኪሎ ሜትሩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ «በስንት ሰዓት እንደርሳለን? የትስ እናርፋለን?» የሚለው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ እጅግ ከሚራራቁት የዓለም ታላላቅ ከተሞች ሁለቱን፥ ማለት የእንግሊዝን ዋና ከተማ ሎንዶንንና የአውስትራሊያን ታላቅ ከተማ ሲድኒን መርጬ፥ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሳይለወጥ የጉዞው ጊዜ ከአንድ ወር ገደማ ወደ ሃያ ሰዓት እንዴት እንደ ወረደ ለማስረዳት አስቤአለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ተብለው ካልተለዩ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ርቀቱ እንናገር። በተማሪነቴ ዘመን የጂኦግራፊ መምህራችን ርቀትን ያስተማሩን በክር ነበር። ክሩን በመሬት ሉል ላይ ካንዱ ከተማ እስከ ሌላው ወጥረው ይይዙና «እነሆ፥ አጭሩ መንገድ ይህ ነው» ይሉን ነበር። ሉል ያላችሁ ሁሉ በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በግድግዳ ላይ በተሰቀለው ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ከሎንዶን እስከ ሲድኒ በማስመሪያ ቢሰመር መስመሩ በዐረብ አገርና በህንድ ውቅያኖስ በኩል ያልፋል። በሉሉ ላይ የተወጠረው ክር ግን ወደ ሰሜን ሄዶ በሩሲያና በቻይና ሰማይ ላይ ሲያልፍ ይታያል። ምድር ድቡልቡል ስለ ሆነች እውነተኛው አጭር መንገድ ክሩ የሚያሳየው ነው፤ በካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስሎ የሚታየው መንገድ የሚረዝመው ነው።

የዚህ ክር ርዝመት 17,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በምድር ላይ ያሉ ሁለት ቦታዎች፥ የፈለገውን ያህል ቢራራቁ፥ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሊራራቁ አይችሉም። ስለዚህ ከሎንዶን ወደ ሲድኒ የሚሄድ ሰው ወደ ምድር ማዶ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው ለማለት ይቻላል። የዛሬው ጄት አይሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። 17,000ውን ለ900 ስናካፍል 19 ሰዓት ያህል እናገኛለን። ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ይሠራዋል። ነገር ግን የሰው ልጅ ይህን መልስ በወረቀት ላይ ሳይሆን በሰማይ ላይ ለማግኘት አንድ መቶ ዓመት ፈጅቶበታል፤ ብዙ ሕይወትም ከፍሎበታል።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፥ በ1919፥ የአውስትራሊያ መንግሥት አንድ ማስታወቂያ አወጣ። ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ በ720 ሰዓት፥ ማለት በ30 ቀን ውስጥ፥ አውስትራሊያ ለሚደርስ አውስትራሊያዊ አብራሪ 10,000 ፓውንድ እንደሚሸልም ገለጸ። በዚያን ጊዜ ይህ መንገድ በመርከብ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ ነበር። ሽልማቱን ተስፋ አድርገው ስድስት አይሮፕላኖች ከእንግሊዝ አገር ተነሡ። ከስድስቱ አንደኛው ከሎንዶን ሳይርቅ ወድቆ ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። ሌላው በግሪክ ደሴት በኮርፉ አጠገብ ባሕር ውስጥ ገብቶ በውስጡ የነበሩት ሁለት ሰዎች ጠፉ። ከስድስቱ አውስትራሊያ ለመድረስ የቻሉት ሁለት ብቻ ናቸው።

ቀድሞ የደረሰው ሮስ ስሚዝና ኪት ስሚዝ የተባሉት ወንድማማቾች ቤኔትና ሻየርስ ከሚባሉ ሁለት መካኒኮች ጋር የበረሩበት አይሮፕላን ነበር። አይሮፕላኑ ቪከርስ ቪሚ የሚባል፥ ለጦርነት ቦምብ መጣያ ተብሎ የተሠራ ባለ ሁለት ሞተር ነበር። የአብራሪዎቹ መቀመጫ ክዳን ስላልነበረው ነፋሱና ዝናቡ ፊታቸውን ይመታው ነበር፤ በፈረንሳይ አገር ሰማይ ላይ ሲያልፉ የያዙት ምግብ ሳይቀር በብርድ ደርቆ በረዶ ሆነባቸው። በአይሮፕላኑ ጐን ላይ የተጻፉትን የመለያ ፊደላት አራቱ መንገደኞች በቀልድ ሲፈቱት «እግዚአብሔር ሁላችንንም ይርዳን» ማለት ነው ይሉ ነበር። በኅዳር ወር፥ እንደነሱ አቈጣጠር በኖቬምበር 12 ቀን፥ በሎንዶን አጠገብ ካለችው ከሃውንስሎ ተነሥተው በዴሴምበር 10 ቀን 1919 በሰሜን አውስትራሊያ በምትገኘው በዳርዊን ከተማ አረፉ። የፈጀባቸው ጊዜ 28 ቀን ሊሞላ ጥቂት ሰዓት የቀረው ነበር። ሽልማቱንም አራቱ እኩል ተካፈሉት።

ሁለተኛ ሆኖ የደረሰው አይሮፕላን ግን ይህንኑ መንገድ ለመፈጸም 206 ቀን ፈጀበት። አንባብያን ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። መንገዱ አንድ ነው፤ አንደኛው በ28 ቀን፥ ሁለተኛው በ206 ቀን ሄዱት። ልዩነቱ ከምን መጣ? ከክንፉ ፍጥነት ነው እንዳንል የሁለቱም ፍጥነት ከሰባት እጅ በላይ የሚለያይ አልነበረም። ልዩነቱ የመጣው በመሬት ላይ ከቆሙበት ጊዜ ነው። ሮስ ስሚዝና ጓደኞቹ እንኳ፥ ፈጣኖቹ፥ ከ28ቱ ቀን ውስጥ በአየር ላይ የቈዩት 135 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ስድስት ቀን አይሞላም። እንግዲህ ከጉዞው አምስት እጅ አንዱ እጅ በሰማይ ሲሆን አራቱ እጅ ያለፈው በምድር ላይ ነው፤ ቤንዚን በመቅዳት፥ ሞተር በመጠገን፥ ዝናብ እስኪያባራ በመጠበቅና ከጭቃ በመውጣት።

ስለዚህ የዚህ ታሪክ ባለቤቶች የበረሩት ብቻ አይደሉም፤ በምድር ላይ ሆነው የረዷቸውም ናቸው። በኢራቅ በረሓ በራማዲ አጠገብ ሌሊት ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ አይሮፕላኑን ሊገለብጠው ሲል፥ በዚያ የሰፈሩ የህንድ ወታደሮች ክንፉን በእጃቸው ይዘው አቆዩት። በጃቫ ደሴት በሱራባያ ደግሞ ያረፉበት መሬት ላዩ ደርቆ ውስጡ ጭቃ ስለ ነበረ ጐማው ሰምጦ ቀረ። ያን ጊዜ የአካባቢው ሕዝብ ከየቤቱ የቀርከሃ ምንጣፍ እየተሸከመ አምጥቶ በጭቃው ላይ አነጠፈና የምንጣፍ መንገድ ሠራላቸው፤ አይሮፕላኑም በዚያ ላይ ተንደርድሮ ተነሣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ በዚህ ሥፍራ በሥራ ተገልጿል። ለአራቱ መንገደኞች የማይቻል የነበረው ነገር ለመንደሩ ሕዝብ ጥቂት ሰዓት ሥራ ሆነ።

ከዚህም ሌላ ማንም ሳያያቸው መንገዱን ያዘጋጁ ሰዎች ነበሩ። ሮስ ስሚዝ ራሱ ባለፈው ዓመት፥ በ1918፥ ከካይሮ እስከ ካልካታ በርሮ ስለ ነበር የመንገዱን አጋማሽ ያውቀው ነበር። በአውስትራሊያ በኩል ደግሞ ፊሽና መክጊነስ የተባሉ ሁለት ወጣት መኰንኖች በውድድሩ ለመግባት አስበው ገንዘብ የሚሰጣቸው ባለጸጋ ስለ ሞተባቸው ቀሩ። መንግሥት ግን በሰሜን በኩል አይሮፕላን የሚያርፍባቸውን ሜዳዎች እንዲመርጡ አዘዛቸው። በአንዲት የፎርድ አውቶሞቢል መንገድ በሌለው በረሓና ወንዝ እየተጓዙ 2,180 ኪሎ ሜትር ያህል ለመሄድ 51 ቀን ፈጀባቸው። ይህን ከቪሚ ጋር አስተያዩት፤ አይሮፕላኑ 18,000 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በ28 ቀን ሲፈጽም፥ ለማረፊያው የሚሆነውን ሜዳ የሚፈልጉት ሰዎች የዚያን ስምንተኛ እጅ ብቻ ለመሄድ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ጊዜ ወሰደባቸው። ፊሽ በዳርዊን ሆኖ ያዘጋጀው ሜዳ ላይ ሌሎች በክብር ሲያርፉ ቆሞ ተቀበላቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በ1920 ከባልንጀሮቻቸው ጋር ቃንታስ የተባለውን የአውስትራሊያ አየር መንገድ አቋቋሙ። መንገድ በመጥረግ የጀመሩ ሰዎች የመንገዱ ባለቤቶች ሆኑ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙዎች ጊዜውን ለማሳጠር ተወዳደሩ። በ1928 በርት ሂንክለር ብቻውን በርሮ ከእንግሊዝ ዳርዊን በ15 ቀን ተኩል ደረሰ። በ1930 ደግሞ ኤሚ ጆንሰን የተባለች እንግሊዛዊት በ19 ቀን ተኩል ብቻዋን በርራ ዳርዊን በመግባት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ይህች ሴት ከዚያ በፊት በሎንዶን በአንድ የሕግ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበረች። ከሥራ ሰዓት ውጭ መብረርን ብቻ ሳይሆን ሞተር መጠገንንም ተምራ በመካኒክነት የምስክር ወረቀት ይዛ ነበር። በመሬት ላይ የሚያልፈው ጊዜ የሚያጥረው በእጅ ሥራ እንደ ሆነ አስቀድማ የተረዳች ይመስላል። ዕድል ያልቀናቸውም ነበሩ። ሰላማዊ ውቅያኖስን በአየር በመሻገር የመጀመሪያ የሆነው ታላቁ አብራሪ ኪንግስፎርድ ስሚዝ በ1935 ይህንኑ የአውስትራሊያ መንገድ በፍጥነት ለመሄድ ሲበር በበርማ ባሕር አጠገብ ከጓደኛው ጋር ጠፍቶ ቀረ።

በ1934 ከሎንዶን አጠገብ ተነሥቶ በአውስትራሊያ እስከ ሜልቦርን የሚደርስ ታላቅ ውድድር ተደረገ። አሸናፊዎቹ ስኮትና ካምቤል ብላክ ለውድድር በተለይ በተሠራ ትንሽ አይሮፕላን መንገዱን በ71 ሰዓት ያህል ፈጸሙት። ይሁን እንጂ ዓለምን ይበልጥ ያስደነቀው ሁለተኛ የወጣው ነው። እርሱ ዲሲ-2 የሚባል ተራ የመንገደኛ አይሮፕላን ሲሆን ንብረትነቱ የሆላንድ አየር መንገድ ነበር፤ ሦስት መንገደኞችንና ፖስታ ጭኖ ነበር። ሜልቦርን ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው በሌሊት ነጐድጓድና ዝናብ መሐል መንገዱ ጠፋበት፤ ከታች ለነበሩት ሰዎች የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

በዚያ አልበሪ የምትባል አንዲት አነስተኛ ከተማ አለች። የከተማዋ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የመንገድ መብራቶቹን ሁሉ በአንድነት እያጠፋና እያበራ የከተማዋን ስም በቴሌግራፍ ምልክት ወደ ሰማይ ጻፈ። የከተማዋ የሬዲዮ ጣቢያ ተናጋሪ ደግሞ ፕሮግራሙን አቋርጦ አውቶሞቢል ያላችሁ ሁሉ ወደ ፈረስ ግልቢያው ሜዳ ሂዱ፥ መብራታችሁንም ወደ ሜዳው አብሩ ሲል ለሕዝቡ ተናገረ። ሕዝቡም እንደ ተባለው አደረገ። አይሮፕላኑ በአውቶሞቢሎች ብርሃን በሰላም አረፈ። በማግሥቱ ጧት ጭቃ ውስጥ የሰመጠውን አይሮፕላን የከተማዋ ሰዎች በገመድ ጐትተው አወጡት፤ እርሱም ተነሥቶ ሜልቦርን ገባና ሁለተኛ ሆነ። በማይክሮፎን ፊት ለምንቀመጥ ሰዎች ይህ ታሪክ ልዩ ትርጕም አለው። አንድ ሰው በተገቢው ሰዓት የተናገራቸው ጥቂት ቃላት ሰባት ነፍስ አድነዋል። የሚያሳዝነው፥ ይኸው አይሮፕላን ሁለት ወር ሳይሞላው በዴሴምበር 1934 በሌላ ጉዞ ላይ ሳለ በመካከለኛው ምሥራቅ በረሓ ወድቆ በውስጡ የነበሩት ሁሉ ሞቱ።

ውድድሩ ጀግኖችን የሚመለከት ነበር፤ የተራው መንገደኛ ጉዞ ግን ገና ረዥም ነበር። በ1935 ከአውስትራሊያ ከብሪስቤን እስከ ሎንዶን ለመንገደኛ የተከፈተው አገልግሎት 12 ቀን ተኩል ይፈጅ ነበር። መንገደኛው በየጊዜው አይሮፕላን ይለውጣል፤ ሌሊት በሆቴል ያድራል፤ በኢጣልያና በፈረንሳይ መካከል እንዲያውም ከአይሮፕላን ወርዶ በባቡር ይሄድ ነበር። በ1938 በውሃ ላይ የሚያርፉ ታላላቅ አይሮፕላኖች ከእንግሊዝ ወደብ እስከ ሲድኒ ወደብ መመላለስ ሲጀምሩ ጊዜው ወደ አሥር ቀን ገደማ ወረደ። ያ ዘመን የሲራራ ነጋዴን ጉዞ ይመስል ነበር፤ ቀን ይኬዳል፥ ማታ ይሰፈራል።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን መንገድ ቈረጠው። በ1942 ጃፓኖች ሲንጋፖርን ስለ ያዙ በመካከል ያሉት ማረፊያዎች ሁሉ ጠፉ። ያን ጊዜ አንድ አዲስ ጥያቄ ተነሣ፤ ማረፊያ ከሌለ ሳያርፉ መሄድ ይቻላልን? ከ1943 እስከ 1945 ካታሊና የሚባሉ የውሃ አይሮፕላኖች ከምዕራብ አውስትራሊያ ከፐርዝ ተነሥተው በህንድ ውቅያኖስ ላይ 5,650 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያርፉ በመብረር ሲሎን ይደርሱ ጀመር። ዛሬ ሲሎን ስሪ ላንካ ትባላለች። የሚበሩት በዝግታ ስለ ሆነ ጉዞው ብዙ ጊዜ 28 ሰዓት ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም ከ32 ሰዓት በላይ ይወስድ ነበር። ጠላት እንዳይሰማቸው በሬዲዮ አይናገሩም፤ መንገዳቸውን የሚያውቁት በከዋክብት ነበር። ቤንዚኑ ከባድ ስለ ሆነ ሊጭኑ የሚችሉት ሦስት መንገደኞችና ጥቂት ፖስታ ብቻ ነበር። በአንድ ጉዞ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ስትወጣ ስለሚያዩ መንገዱ «የሁለት ንጋት በረራ» ተባለ። 271 ጊዜ ሲመላለሱ አንድም ሰው አልሞተባቸውም።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ካታሊና ከቀደሙት አይሮፕላኖች ብዙ የፈጠነ አልነበረም፤ ያሸነፈው ባለመቆሙ ነው።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በዴሴምበር 1 ቀን 1947 ኮንስቴሌሽን የተባለ ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን 29 መንገደኞችንና 11 ሠራተኞችን ይዞ ከሲድኒ ተነሣ። በዳርዊን፥ በሲንጋፖር፥ በካልካታ፥ በካራቺ፥ በካይሮና በትሪፖሊ አርፎ ከአራት ቀን በኋላ ሎንዶን ገባ። በአየር ላይ የቈየው 55 ሰዓት ያህል ነው። አሁን በሰማይ ያለፈው ጊዜ በምድር ካለፈው በለጠ። የመሄጃና የመመለሻው ዋጋ ግን 585 ፓውንድ ስለ ነበረ፥ ይህም ለአንድ ተራ ሠራተኛ ከዓመት ደመወዙ የሚበልጥ በመሆኑ፥ የሚሄዱት ባለጸጎችና በመንግሥት ጉዳይ የሚላኩ ሰዎች ነበሩ። ከ1959 ጀምሮ ቃንታስ በዚህ መንገድ ላይ ጄት አይሮፕላን ሲያሰማራ ቀኑ በሰዓት መቈጠር ጀመረ።

በኦገስት 1989 አንድ አዲስ ቦይንግ 747-400 ከሎንዶን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ በ20 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ሲድኒ ገባ። ነገር ግን ይህ ለገበያ የሚሆን ጉዞ አልነበረም። በአይሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 23 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቤንዚን ለመቈጠብ ሲባል እስከ መንደርደሪያው ድረስ ሞተሩ ሳይነሣ በመኪና ተጐትቶ ነበር። በማርች 2018 ከፐርዝ እስከ ሎንዶን 14,498 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በ17 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ የሚሄድ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ተከፈተ። በኖቬምበር 2019 ደግሞ 50 ያህል ሰዎችን ብቻ የያዘ ቦይንግ 787 ለምርምር ከሎንዶን ተነሥቶ በ19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ሲድኒ ደረሰ። በመምህሬ ክር ያሰላነው 19 ሰዓት ይህ ነው። ምርምሩ የተደረገው ስለ ሞተሩ አልነበረም፤ አብራሪዎቹና መንገደኞቹ ይህን ያህል ሰዓት ያለ ዕረፍት ሲቈዩ እንቅልፋቸውና ድካማቸው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነበር። የብረቱ ድካም ካለቀ በኋላ የሥጋው ድካም ቀርቶ ነበርና።

አንባብያን ሆይ፥ እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሩቅ አገር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ በአገራችንም ዘመድ አለው። በአልበሪ የፈረስ ሜዳ ላይ ያረፈው ዲሲ-2 ታናሽ ወንድም ነበረው፤ እርሱም ዲሲ-3 ሲባል ለጦር ኀይል የተሠራው ሲ-47 ይባል ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው በዚሁ በሲ-47 ነው። ከዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ፥ በግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም.፥ ይኸው አየር መንገድ የገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ በመብረር አዲስ አበባ ገባ። ይህም በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ ጄት ከሄደው ርቀት ሁሉ የበለጠ ነበር።

በዚህ በዋሽንግተን መንገድ ላይ ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይታያል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሳያርፉ መምጣት ሲቻል፥ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን በመንገድ አንድ ጊዜ አርፎ ቤንዚን ሲቀዳ ኖሯል። ርቀቱ ወዲህም ወዲያም አንድ ሆኖ ሳለ ይህ ለምን ሆነ? ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፥ የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ክንፉም ሞተሩም ኀይላቸው ስለሚቀንስ አይሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ፥ ሙሉ መንገደኛም ጭኖ ለመነሣት ይከብደዋል። ሁለተኛው፥ በላይኛው ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ስላለ፥ ወደ ምሥራቅ የሚበረውን ከኋላ ሲገፋው ወደ ምዕራብ የሚበረውን ከፊት ይቃወመዋል። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ሲመጡና ሲመለሱ የሚፈጀው ሰዓት የማይተካከለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ቁም ነገር ምንድር ነው? በሎንዶንና በሲድኒ መካከል ያለው ርቀት በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ አንዲት ክንድ እንኳ አልቀነሰም። የፍጥነቱ መጨመር ብዙ ረድቷል፤ ነገር ግን በ1919 ከአምስት እጅ አራቱ እጅ ጊዜ የጠፋው በአየር ላይ ሳይሆን በማረፊያው ላይ መሆኑን አይተናል። ጊዜውን ያሳጠሩት መሐንዲሶች ብቻ አይደሉም፤ ምንጣፍ ያነጠፉት፥ ክንፍ የያዙት፥ ሜዳ የመረጡት፥ በሌሊት መብራት ያበሩትም ናቸው።

ይህን በሥራችን ላይ ብንመለከተው መልካም ይመስለኛል። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዲት ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ተነሥታ ከሚወስነው ሹም ጠረጴዛ እስክትደርስ ያለው ርቀት በእርምጃ ቢለካ ከመቶ ወይም ከሁለት መቶ እርምጃ አይበልጥም። ተላላኪ ይዟት ቢሄድ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ሆኖም ባለጉዳዩ ከገጠር መጥቶ፥ ስንቁን ጨርሶ፥ በዘመድ ቤት ተጠግቶ፥ 28 ቀን ሙሉ ደጅ ሲጠና ይገኛል። ቪሚ የተባለው አሮጌ አይሮፕላን በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሎንዶን ተነሥቶ አውስትራሊያ ገብቶ ነበር! ማመልከቻዋ የዘገየችው በመሄድ አይደለም፤ በየጠረጴዛው ላይ በማረፍ ነው።

እኔም ራሴ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆንሁ ይህን የምናገረው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ በራሴ ጠረጴዛ ላይ ቀናት ያደሩ ደብዳቤዎች እንደ ነበሩ አልክድም። ማረፊያ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴም አይደለም። አይሮፕላኑ ቤንዚን የሚቀዳበት፥ ሞተሩም የሚመረመርበት ማረፊያ ባይኖር ኖሮ መንገደኞቹ ባሕር ውስጥ በቀሩ ነበር። እንደዚሁም ሰነድ የሚመረመርበት፥ ስሕተት የሚታረምበት፥ ሕግ የሚጠበቅበት ጠረጴዛ ያስፈልጋል። መጠየቅ የሚገባን፥ ወደኛ የመጣው ጉዳይ ቤንዚኑን ቀድቶ ተነሣ ወይስ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ የሚለውን ነው።

የሱራባያ ሰዎች ያ አይሮፕላን ማን እንደ ላከው፥ ሽልማቱም ለማን እንደሚደርስ አልጠየቁም። ጐማው መስመጡን አይተው ምንጣፋቸውን ይዘው ወጡ። ስማቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ የቪሚ አይሮፕላን ግን እስከ ዛሬ በአውስትራሊያ በአደሌድ አይሮፕላን ማረፊያ በክብር ተቀምጦ ይታያል። አንባብያን ሆይ፥ ነገ ጧት ወደ ሥራችን ስንገባ በጠረጴዛችን ላይ ያደረችውን የመጀመሪያዋን ማመልከቻ አንሥተን የደረሰችበትን ቀን እንመልከት፤ ያንን ቀን የሚቈጥር አንድ ሰው በደጅ ቆሞ ይሆናልና።